የጎሹ ሁለተኛ ዓይን

ከዚያ ድራማ በኋላ ክንዱን በስሙ የሚጠሩት እናቱ እትዬ ባንቺአየሁ ብቻ ነበሩ። ለሌላው የባሕር ዳር ሰው ሁሉ ጎሹ ሆኖ ቀረ። እሱ ራሱ ይስቅ ነበር እንጂ አይቀየምም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት የቴሌቪዥን ሰዎች ከአዲስ አበባ መጥተው ጣና ዳር «ደንገል ቆራጮች» የሚባል፣ ለታንኳ መሥሪያ የሚሆነውን የሐይቅ ቄጠማ ስለሚያጭዱ ሰዎች የሚያወራ ድራማ ቀረጹ። ዋና ዋናዎቹን ተዋንያን ይዘው ነው የመጡት፤ ለቀረው ግን ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የኪነት ቡድን ሰው መረጡ። ክንዱ እዚያው ፋብሪካ ሽመና ክፍል የሚሠራ፣ ረጅም፣ ጠይም፣ ዝምተኛ ልጅ ነበር። ዝምታውን አይተው ይመስለኛል የባለርስቱን ጆሮ ጠቢ ያደረጉት። ጎሹ ማለት ያ ነው። ደንገል ቆራጮቹ በታንኳ ሲመለሱ ዳር ቆሞ ይቆጥራል፣ ማን ከማን ጋር እንደተነጋገረ ለጌታው ያቀብላል፣ በመጨረሻም ሰዎቹን ያሳስራል።

ድራማው እሑድ እሑድ ማታ ይታይ ነበር። ቴሌቪዥን ያለው ቤት ጥቂት ስለሆነ ሰፈሩ ሁሉ ቀበሌው አዳራሽ ይሰበሰባል። ጎሹ ብቅ ሲል አዳራሹ በእርግማን ይሞላል፤ ክንዱ ደግሞ ከኋላ ግድግዳ ተደግፎ የራሱን እርግማን ይሰማል። በማግስቱ ገበያ ላይ ሴቶቹ «ቆጣሪው መጣ፣ ዝም በሉ» ይባባላሉ። ይህ ሁሉ ጨዋታ ነበር። ከዚያ ግን ለብሔራዊ ውትድርና ተጠራና ወደ ሰሜን ሄደ፤ ዓመት ሳይሞላው መርዶው መጣ።

ልቅሶው ላይ ነበርኩ። ዘግይታ የገባች አንዲት ሴት አጠገቧ ያለችውን «የሞተው ማን ነው?» ብላ ስትጠይቃት፣ ያችኛዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ጎሹ ነው፣ የቴሌቪዥኑ» አለቻት። «ውይ!» አለች ሴትየዋ። ወዲያው ደግሞ «ያ ክፉ?» ብላ ጨመረች። ክፋት ኖሯት አይደለም፣ አፏ ላይ የመጣላትን ነው የተናገረችው። እትዬ ባንቺአየሁ ግን ሰሙ። ለቅሷቸውን አቁመው ዞረው አዩዋት።

እኔ መምህር ነኝ፤ አገሬ ደብረ ብርሃን ነው፣ ባሕር ዳር የመጣሁት ባለቤቴ ፋብሪካው ሲቀጠር ነው። በዚያ ጊዜ መሠረተ ትምህርት ጨርሰው ፊደል ለለዩ ገበሬዎች የሚነበብ ነገር የሚያዘጋጅ አንድ ክፍል ውስጥ መድበውኝ ነበር። ኃላፊያችን ጓድ ሣህሉ ከአንድ ስብሰባ ተመልሶ አዲስ ሐሳብ አመጣ። «ደንገል ቆራጮች»ን የሥዕል መጽሐፍ አድርገን እንድናወጣው ፈለገ።

«ይፋግ ቴሌቪዥን የለም፣ እንፍራንዝ የለም» አለ። «ቴሌቪዥኑ ካልሄደላቸው ወረቀቱ ይሂድላቸው። አንቺ ቃሉን ጻፊ። የሚሥል ሰው ፈልጊ።»

የሚሥል ሰው አለቃ መርስዔ ኀዘን ነበሩ። ዘጌ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሲሥሉ ያረጁ ሰው ናቸው፤ ሥራው ሲቀዘቅዝባቸው ከተማ ገብተው የሱቅ ማስታወቂያና መፈክር ይጽፉ ነበር። ለአብዮት በዓል ሦስቱን ባለ ጺሞች፣ የሶሻሊዝምን አባቶች፣ በትልቅ ሸራ ላይ የሣሏቸውም እሳቸው ናቸው። የተሰጣቸው ናሙና ሦስቱንም በጎን የሚያሳይ ስለነበር፣ ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ እንዳለ ገለበጡት። ለገበያ የመጣ የዘጌ ሰው ሁሉ ያንን ሸራ ቀና ብሎ እያየ፣ ሳቁን እየዋጠ ያልፍ ነበር። ምኑ እንዳሳቃቸው ያን ጊዜ አልገባኝም።

ወንድሜ ከአስመራ ያመጣልኝ አንድ የፈረንጅ ኮሚክ ነበረኝ፤ እሱም ከቴሌቪዥን ፊልም የተቀዳ ነው። ምን እንደምንፈልግ እንዲያዩት ለአለቃ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ገጽ በገጽ አገላበጡት።

«ይህማ የእኛው ነው» አሉ። «ገድሉ በግድግዳው ላይ በየክፍሉ ይሣላል፣ ከላዩ በግዕዝ ዘከመ፣ እንዲህ እንደ ሆነ፣ ተብሎ የሆነው ይጻፍበታል። ያልገባኝ ይህ ከአፉ የሚወጣው ጢስ ነው።»

«ጢስ አይደለም፣ አለቃ። ንግግሩ ነው።»

«ንግግር ከአፍ ሲወጣ አይታይም።»

ብዙ ተከራከርን። በመጨረሻ ጢሱን ፈቀዱልኝ፣ ግን እጅግ ትንሽ አድርገው ነው የሚሠሩት፤ እኔም ቃሌን እያሳጠርኩ እጠቀጥቅበት ነበር። አሠራራችን መጀመሪያ በእርሳስ ወረቀት ላይ፣ ከዚያ በብረት ብዕር ስቴንስል ላይ ነው። ስቴንስሉ ላይ የተጫረው በማባዣ ይባዛል። ቀለም ስለሌለው አለቃ ያዝናሉ። ቀይና አረንጓዴ የሌለበት ሥዕል ለእሳቸው ጨው የሌለው ወጥ ነበር።

ሥራችን ወደ መጋመሱ ሲደርስ እትዬ ባንቺአየሁ መጡ። በር ላይ ቆመው ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«የክንዱን ሥራ በመጽሐፍ ታወጣላችሁ አሉኝ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው፣ እትዬ። ይግቡ፣ ይቀመጡ።»

«እሱም ይኖርበታል?»

«ያለ እሱማ ታሪኩ አይሆንም» አልኳቸው፣ ደስ ይላቸዋል ብዬ።

ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው ፎቶግራፍ አወጡ። የተማሪ ቁምጣ የለበሰ ትንሽ ልጅ ፀሐይ ዓይኑን ወግቶት ቆሟል።

«ያለኝ ይህ ነው» አሉ። «ሰው ሆኖ የተነሣው ፎቶ መታወቂያው ላይ የነበረው ብቻ ነው፤ እሱንም ይዞት ሄደ። መልኩ የሚጠፋብኝ እየመሰለኝ እፈራለሁ። አንዳንድ ጠዋት ስነሣ ይጠፋብኛል። እኔ ሳልደርስለት፣ ሳላየው ነው የተቀበረ። መጽሐፉ ላይ ካለ ግን አየዋለሁ ብዬ ነው የመጣሁ። ሰውም ያየዋል።»

አለቃ የእርሳሱን ንድፎች ጠረጴዛው ላይ ዘረጉላቸው። እትዬ ባንቺአየሁ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አዩ። ጎሹ ዳር ቆሞ ሲቆጥር፣ ጎሹ ለባለርስቱ ሲያንሾካሽክ፣ ጎሹ ዛፍ ተከልሎ ሲያደምጥ። ቀስ በቀስ ፊታቸው ሲጠቁር አየሁ።

«አንድ ዓይን» አሉ። «ልጄን ባለ አንድ ዓይን አደረጉት።»

«ወደ ጎን ስለዞረ እኮ ነው» አልኩ እኔ።

«አንቺ አታውቂም፣ ልጄ።» ድምፃቸው አልጠነከረም፣ ቁጣም የለበትም። «እሳቸው ያውቃሉ።»

አለቃ አንገታቸውን ደፉ። ያን ቀን ነው ነገሩ የገባኝ። በጣና ዙሪያ ባሉት ቤተ ክርስቲያኖች ጻድቅ ሲሣል ፊቱ ወደ ተመልካቹ ነው፣ ሁለት ዓይኖቹ ይታያሉ። ሰይጣን፣ ይሁዳ፣ ሰማዕታቱን የሚገርፉት ወታደሮች በጎን ይሣላሉ፣ ለእነሱ አንድ ዓይን ብቻ ነው። እዚያ አገር ያደገ ሰው ፊደል ሳይቆጥር በፊት ይህን ያነባል። ሦስቱ ባለ ጺሞችም ትዝ አሉኝ። በሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ እሞት ነበር።

«አለቃ፣ ይህ እኮ ድራማ ነው» አልኳቸው፣ እልህ ይዞኝ። «ልጁ ታዞ ነው የሠራው። ሁለት ዓይን ቢሰጡት ምን ይጎድልብዎታል?»

«መጽሐፉ የሚሄደው ወዴት ነው?» አሉኝ። «ይፋግ ነው። እንፍራንዝ ነው። እዚያ ያለ ሰው ክንዱን አያውቀውም፣ ሥዕል ግን ያውቃል። ሰላይን ሁለት ዓይን አድርጌ ብልክለት ይህ ሰው ደግ ነው አልሁት ማለት ነው። መጽሐፉን ገልጦ ይሳለመዋል። እኔ ውሸት ሥዬ አላውቅም፤ አሁን አርጅቼ አልጀምርም።»

«እንግዲያው ከመጽሐፉ ውጭ፣ ለብቻው አንድ ይሥሉላቸው። እሳቸው ቤት የሚሰቀል።»

እትዬ ባንቺአየሁ ቀድመው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ቤቴ ተደብቆ የሚቀመጥ አልፈልግም። በልቅሶው ዕለት 'ያ ክፉ' ሲሉት ሰምቻለሁ፤ ይህች ልጅም ሰምታለች። ስሙ የጠፋው በሰው ፊት ነው። ሰው በሚያየው ላይ ካልሆነ ይቅርብኝ።» ፎቶግራፏን መልሰው ቋጠሩ። «ሌላም ነገር አለ። የክንዱ ግራ ዓይን ጠበብ ያለች ናት። ልጅ ሳለ እንጨት ወግቶት ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ካልታዩ እሱ መሆኑ አይታወቅም። ይህ የሣላችሁት የማንም ልጅ ነው።»

ሊሄዱ ተነሡ። እኔ አለቃን በዓይኔ እየለመንኩ፣ በልቤ ደግሞ እየረገምኳቸው ነበር። እንዲህ ያለ ድርቅና ካላቸው ለምን የመፈክር ሥራ ተቀበሉ? ሴትየዋ የጠየቁት ዓይን ነው፣ ሌላ ምን ጠየቁ? እትዬ ባንቺአየሁ በሩ ላይ ሲደርሱ አለቃ ጠሯቸው።

«ባንቺአየሁ፣ ተመለሽ እስቲ። አንቺ ያንን ነገር ቴሌቪዥን ላይ ስታይ ምን ነበር የምታይው?»

እትዬ ባንቺአየሁ ተመልሰው ተቀመጡ። ጥያቄው የገረማቸው መሰለኝ።

«እኔ ታሪኩን አላውቀውም» አሉ። «ባለርስቱ ምን እንዳለ፣ ማን እንደታሰረ ብትጠይቁኝ አልመልስም። እሱን ነው የማይ። አረማመዱን፣ እጁን። ሰው ሲረግመው እኔ ሸሚዙ መታጠቡን አያለሁ። አንዲት ቦታ ላይ ታንኳዎቹ ሲመለሱ እሱ ዳር ቆሞ ይቆጥራል። አንድ ሽማግሌ ደንገል ተሸክመው ሲወርዱ ጭቃው አዳለጣቸው። ክንዱ ሮጦ ክርናቸውን ያዛቸው። ደግፎ አቆማቸውና ጋቢያቸውን አራገፈላቸው። ከዚያ አንድ ነገር እንደረሳ ሰው ደነገጠና እጁን ሰብስቦ ወደ ቦታው ተመለሰ። እዚያች ላይ ጎሹ አልነበረም። ልጄ ነበር። እኔ ቤት ውስጥም እንዲሁ ነው የሚያደርግ፤ ሰው ሊወድቅ ሲል አያስችለውም።»

የድራማውን ጽሑፍ ከመሳቢያ አውጥቼ ያንን ትዕይንት ፈለግኩ። «ጎሹ ዳር ቆሞ ይቆጥራል» ይላል፣ ሌላ የለም። ሽማግሌው ተዋናይ አልነበሩም፤ ከዚያው ከሐይቁ ዳር የመጡ እውነተኛ ደንገል ቆራጭ ናቸው፣ ያዳለጣቸውም የምር ነው። ካሜራው ሲዞር ክንዱ ጎሹ መሆኑን ረስቶ ኖሯል። አዲስ አበባ ያሉትም ወይ ሳያዩት፣ ወይ ወደውት፣ አልቆረጡትም።

«የለም» አልኩ። «አልተጻፈም። ከራሱ ያደረገው ነው።»

አለቃ መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ ይጠርጋሉ፣ መልሰው ያደርጉታል።

«አይቼዋለሁ» አሉ በመጨረሻ። «እኔም እዚያ አዳራሽ ነበርሁ። ሽማግሌውን ሲይዝ አየሁ። 'ተንኮል ነው፣ ሊያስመስል ነው' ብዬ አለፍሁት። ከመነሻው ክፉ ነው ስላልሁት ያችን እጁንም ከክፋቱ ቆጠርኋት። ተሳስቻለሁ፣ ባንቺአየሁ።»

ከዚያ አዲስ ወረቀት ሳቡ። «ሌላው እንዳለ ይቆያል፤ ያችን አንዲት ገጽ ግን በሁለት ዓይን እሠራታለሁ። በይ መልኩን ንገሪኝ።»

እትዬ ባንቺአየሁ መናገር ጀመሩ። ግንባሩ ሰፊ ነው። ቅንድቡ አይገጥምም። ከንፈሩ የላይኛው ሳሳ ይላል። አለቃ ይሥላሉ፣ ያጠፋሉ፣ እንደገና ይሥላሉ። ዕድሜ ልካቸውን የሠሩት የመላእክት ፊት ሁሉም አንድ ዓይነት ነው፤ የአንድን ሰው መልክ ለብቻው መፈለግ አላስተማሯቸውም። ላብ ሲወርዳቸው አየሁ። ቀኝ ዓይኑን እንደ ልማዳቸው ትልቅ፣ ክብ አድርገው ሣሉ። ግራውን ሲደርሱ እጃቸው ቆመ።

«ምን ያህል ትጠባለች?»

እትዬ ባንቺአየሁ በቃል አልመለሱም። የራሳቸውን ግራ ዓይን በጣታቸው ከታች ትንሽ ገፋ አድርገው አሳዩአቸው። አለቃ ያንን እያዩ ሣሉ።

እኔ ክንዱን ያወቅኩት ከሩቅ ነው። ወረቀቱ ላይ ግን ሽማግሌውን በክርናቸው ይዞ ቀጥ ብሎ ሲያየኝ አወቅኩት። እትዬ ባንቺአየሁ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጭነው «እሱ ነው፣ እሱ ነው» አሉ። እኔም አለቀስኩ፣ አላፈርኩም። ያቺ ገጽ ላይ «ጎሹ» ብዬ መጻፍ አልሆነልኝም፤ ያለ ስም ተውኳት።

ከዚያ በኋላ የቀረው ጓድ ሣህሉ ነበር። ስቴንስሎቹን ለማየት ጠረጴዛው ላይ ደርድሮ፣ የባለርስቱ ውድቀት መጨረሻ ላይ መኖሩን አረጋገጠ። ዓይንን ስለሚመለከተው ሕግ ምንም አያውቅም፣ እሱም እንደ እኔ ባዳ ነው። ያቺን ገጽ ግን አልዘለላትም።

«መምህርት ፀሐይወርቅ፣ ይህ ጎሹ አይደለም እንዴ? ጆሮ ጠቢ ሽማግሌ ሲረዳ ምን ማለት ነው? ጠላትና ወዳጅ ይምታታል። ይውጣ።»

«ድራማው ላይ አለ፣ ጓድ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ሰፈሩ ሁሉ አይቶታል። አዲስ አበባ መርምረው ነው ያሳለፉት። እኛ ብናወጣው እነሱ ያሳለፉትን ስህተት ነው ማለታችን ይሆናል።»

ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ እያንኳኳ አሰበ። ሥዕሉን እንደገና አየው፣ ቆየ። «ልጁ ያ ሰሜን የቀረው ነው?» አለኝ። አዎን አልኩት። ሌላ አልጠየቀኝም፤ ፈርሞ ሰጠኝ። ለጓድ ሣህሉ ያን ቀን ያዘንኩትን ያህል አዝኜለት አላውቅም፤ እሱም ወታደር ወንድም ነበረው።

መጽሐፉ ተባዝቶ ወጣ። ለእትዬ ባንቺአየሁ አንድ ወሰድኩላቸው። ገጹን ገልጠው ከልጅነቱ ፎቶግራፍ አጠገብ አቆሙት። ሰፈሩ ውስጥ ግን ብዙም የተለወጠ ነገር አልነበረም። ሰው የድራማው ትዝታ ስለነበረው ሥዕሉን አይቶ «አዎ፣ እዚህ ላይ ይዟቸው ነበር» ይላል፣ ከዚያ «ጎሹ እኮ መልከ መልካም ነበር» ይላል። ሞቶም ጎሹ ነው። እትዬ ባንቺአየሁ «ክንዱ» እያሉ ያርማሉ፤ ሰውም ይቅርታ ይጠይቅና በሌላው ቀን ይረሳል።

ክረምቱ ካለፈ በኋላ መጽሐፎቹ ምን ያህል እንደተነበቡ እንዳይ ወደ ይፋግ ላኩኝ። የንባብ ቤቷ ከሩዝ ማሳው ዳር የቆመች የጭቃ ቤት ናት። ከገበያ መልስ የተሰበሰቡ ወንዶችና ሴቶች መጽሐፉን ሁለት ሦስት ሆነው ይዘው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነቡ ነበር። አንዷ የብርጓል የምትባል፣ ልጅ ያዘለች ሴት፣ ጣቷን ከፊደል ፊደል እየጎተተች ስታነብ ያቺ ገጽ ላይ ደረሰች። ገጿ ከሌሎቹ ይልቅ አድፋለች፤ ብዙ እጅ ነክቷታል።

«መምህር፣ እዚህ ላይ ስህተት አለባችሁ» አለችኝ።

«ምን ስህተት?» አልኳት ጠጋ ብዬ።

«ይህን ሰው ስም ነሥታችሁታል። ለሌላው ሁሉ ስም ጽፋችኋል። ይህ ግን መጥቶ ሽማግሌውን አንሥቶ ይሄዳል፣ ተመልሶም አይመጣም። ማን ነው?»

«ጎሹ ነው እንጂ» አለ አንድ ወጣት ከጎኗ። «ልብሱ የጎሹ ነው።»

«ልብስ ምን ያደርጋል? ዓይኑን አታይም?» አለችው። ሌሎቹም እየተሳቡ አዩና ከእሷ ጋር ተስማሙ። ጎሹ አይደለም። ጎሹማ ያ ባለ አንድ ዓይኑ ነው። ይህ ሌላ ሰው ነው፣ ደግ ሰው፤ ምናልባት ከታንኳዎቹ አንዱ ላይ የመጣ ይሆናል።

አለቃ የፈሩት የይፋግ ሰው ነበር፤ ያንን የፈሩትን ሰው አሁን ቁጭ ብዬ እያዳመጥኩት ነው።

«ክንዱ ይባላል» አልኳት።

«የማን ልጅ ነው?»

«የባንቺአየሁ። ባሕር ዳር ናቸው።»

«እግዜር ይስጠው» አለችና እርሳስ ለመነችኝ። ከሥዕሉ ግርጌ፣ ምላሷን በጥርሷ ይዛ፣ በትልልቁ «ክንዱ» ብላ ጻፈች። «ዱ»ን አጣመመቻት፣ አጥፍታ እንደገና ጻፈቻት። ያንን መጽሐፍ እንድትሰጠኝ ለምኜ፣ ለእሷ ከቦርሳዬ አዲስ ተካሁላት።

ባሕር ዳር ስመለስ በቀጥታ ወደ እትዬ ባንቺአየሁ ቤት ሄድኩ። ያደፈችውን ገጽ ገልጬ ሰጠኋቸው። እሳቸውም በመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ፊደል ቆጥረዋል፤ ወረቀቱን ወደ በሩ ብርሃን አስጠግተው፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አነበቡ።

«ይህን ማን ጻፈው?»

«ይፋግ ያለች የብርጓል የምትባል ሴት ናት።»

«ታውቀዋለች እንዴ?»

«አታውቀውም። ድራማውንም አላየችም። ከዚህ ሥዕል ነው ያወቀችው።»

«ጎሹንስ ምን አለችው?»

«ጎሹ ሌላ ሰው ነው አለች።»

እትዬ ባንቺአየሁ የተጻፈውን በአውራ ጣታቸው ሳይነኩ ከላዩ አለፉበት፣ እንዳይደበዝዝ ፈርተው። ከዚያ መጽሐፉን ዘግተው ጭናቸው ላይ አደረጉት።

«እንግዲያ በስሙ የምንጠራው ሁለት ሆንን» አሉ።